ባለቀለም ኮሚክ ወይስ ጥቁርና ነጭ?

ሐረር ተቀምጦ ለጥቁርና ነጭ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል ለሚተረክ ታሪክ) መከራከር ትንሽ ያስቃል። ጀጎል ውስጥ ግድግዳው አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ነው። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ደግሞ ጨርቁ ብቻ ዓይን ያጠግባል። ለዚህ ባለቀለሙ ይሻላል፤ አልክድም።

ማታ ግን ሌላ ነው። ጅብ የሚመግበው ሰው ሥጋውን በእንጨት ሰክቶ ሲዘረጋ አስቡት። ገጹን ጥቁር በጥቁር አድርጎ፣ ሁለት ዓይንና አንድ እጅ ብቻ ነጭ መተው ይበቃል። የቀረውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። ቀለም ከገባበት ዓይናችን ቀዩ ሥጋ ላይ ይቀራል፤ ፍርሃቱም ይበርዳል። የአርት ስፒገልማን ኮሚክ «ማውስ» በ1992 (እ.ኤ.አ.) ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው በጥቁርና ነጭ ተስሎ ነው።

ጥቁርና ነጩ ሰፈር ፎቶኮፒ ቤትም ይባዛል። ባለቀለሙን አንዴ ሞክሬ፣ ሮዙ ግድግዳዬ ቡኒ ሆኖ ወጣ።