ያግር እና ኮቫልቹክ፦ ከሩሲያ ሲመለሱ ማን ተሳካለት?

ሁለቱም በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል ስመ ጥር ነበሩ። ሁለቱም ወደ ሩሲያው ሊግ ወደ ኬኤችኤል ሄደው ተመለሱ። ውጤታቸው ግን ለየቅል ነው።

ቼካዊው ያሮሚር ያግር ከ2008 ጀምሮ ለኦምስክ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫወተ። በ2011 ፊላዴልፊያ ሲያስፈርመው 39 ዓመቱ ነበር። በ73 ጨዋታ 19 ጎል አስቆጥሮ 35 አመቻቸ። በሆኪ ሁለቱም እኩል ስለሚቆጠሩ 54 ነጥብ ማለት ነው። በ2015-16 ደግሞ ለፍሎሪዳ 66 ነጥብ አስመዘገበ፤ 44 ዓመት የሞላው በዚያው የውድድር ዘመን ነው። ይህ በእውነት ያስደንቃል!

ሩሲያዊው ኢሊያ ኮቫልቹክ በ2013 ከኒው ጀርሲ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ የኬኤችኤል የሻምፒዮኖች ሽልማት የሆነውን የጋጋሪን ዋንጫ ሁለት ጊዜ በላ። በ2017-18 በ53 ጨዋታ 63 ነጥብ ይዞ ሊጉን መራ። ሎስ አንጀለስ ሲገባ ግን በ64 ጨዋታ ያገኘው 34 ብቻ ነው። ያውም ሲመለስ ዕድሜው ያግር ሲመለስ ከነበረው በአራት ዓመት ያነሰ ሆኖ።

ለእኔ ልዩነቱ ያለው በአጨዋወታቸው ነው። የተለመደው የአውሮፓ ሜዳ 30 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የኤንኤችኤሉ 26 ገደማ ነው። ኮቫልቹክ የሚያስፈራው ከግራ በኩል ነጻ ቦታ ይዞ፣ የመጣለትን ፓክ (በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ) ሳያቆም ሲመታ ነው። ሜዳው ሲጠብ ተከላካይ ቶሎ ይደርስበታል። ያግር ግን ጀርባውን ሰጥቶ፣ በግዙፍ ሰውነቱ ከልሎ፣ ሜዳውን በከበበው ግድግዳ ሥር ፓኩን ይዞ ይቆያል። ለዚህ ሰፊ ቦታ አያስፈልግም።

ኮቫልቹክን ግን ብቻውን መውቀስ ይከብደኛል። ያኔ ሎስ አንጀለስ ከምዕራቡ ምድብ መጨረሻ የወጣ ደካማ ቡድን ነበር።