መንጃ ፈቃዱን ሰጡኝ፣ ፍሬን አያያዝ ግን አላስተማሩኝም

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የሞተር ሳይክል ደህንነት ሥልጠና ወስዳችሁ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

እንዲህ ዓይነቱን ማሰልጠኛ ታውቁታላችሁ። ስትመዘገቡ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ከከፈላችሁ በኋላ ስልክ የሚያነሳ የለም። ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ ሞተር ለመንዳት ተሰልፋችሁ ፀሐይ ሲመታችሁ ይውላል። ይሁን ብዬ ቻልኩት። ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ ማርሽ መቀየር፣ በኮኖች መሀል መዞር፣ ትንሽ ትንሽ ነክተናል።

የቀረን ድንገተኛ ፍሬን ነበር። ሄልሜቴን አስሬ ተራዬን እጠብቃለሁ። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ። መዝገቡን አወጣና ሞተሩን ተደግፎ በየስማችን ትይዩ «አልፏል»፣ «አልፋለች» እያለ ይጽፍ ጀመር።

«ፍሬኑስ?» አልኩት።

ቀና እንኳን ሳይል «እሱን መንገድ ላይ ትለምዱታላችሁ» አለኝ።

ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል፣ የከፈልኩትም ለዚህ ነው ስለው እስክሪብቶውን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የኔ እህት፣ ወረቀቱን ነው የፈለግሽው ወይስ ውድድር ልትገቢ ነው?»

አጠገቡ የቆመው ረዳቱ ሳቀ። ሰው ሁሉ እያየኝ! ቢሮ ሄጄ ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ «ሥልጠና ከተጀመረ አይመለስም፣ ፈርመሻል» ብለው ፎርሙን ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

መንገድ ላይ ትለምዱታላችሁ ማለት ምን ማለት ነው? መኪና ፊቴ ሲታጠፍብኝ ልለማመድ? ሞተር ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። ስለዚህ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሲስተም) የሌለው ሞተር ላይ በድንጋጤ ጭምቅ ካደረጋችሁት ጎማው ይቆለፍና ትወድቃላችሁ። መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ እያጠበቁ መያዝ ነው፤ ይህን ደግሞ እጅ የሚለምደው በመደጋገም ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ሞተሩ የሚሄደው ርቀት ወደ 4 እጥፍ ያድጋል። እነሱ ግን በልምምዱ ሁሉ «የፊቱን እንዳትነኩ» ሲሉን ነው የከረሙት! ሞተሩ እንዳይወድቅባቸው ነዋ። የእኛ መውደቅ አላሳሰባቸውም።

ከእኔ ጋር የነበሩት ልጆች በዚያው ወረቀት ነገ መንገድ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ከኋላ ሰው ጭነው። ይህን ሳስብ ከገንዘቡ በላይ ያንገበግበኛል።

ከመክፈላችሁ በፊት በልምምድ ቀን ሜዳው ድረስ ሄዳችሁ እዩ። ለአንድ ሞተር ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ቁጠሩ። ድንገተኛ ፍሬን እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከተድበሰበሰ አትክፈሉ።