የማክሰኞ ማታው ጥናት፦ ትምህርቱ ሸጋ፣ አግዳሚው ክፉ

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። «ይሄ ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደምሰማ እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙሴና ስለ ፈርዖን ጠንቋዮች የስድስት ሳምንት ጥናት አለ ብላ ስታስነግር፣ ይሄማ የኔ ሙያ ነው ብዬ ተመዘገብኩ።

ክፍያ የለውም፤ ደብተሩ ብቻ 100 ብር ነው። ይጀመራል የተባለው ማታ 12 ሰዓት ነበር። በሰዓቱ የተገኘነው እኔና ዘበኛው ነን። አግዳሚው መደገፊያ የለውም፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ያስብበት።

የመጀመሪያው ማታ ዘጸአት 7 ነበር። አሮን በትሩን ጣለ፣ እባብ ሆነ። ጠንቋዮቹም ጣሉ፣ የእነሱም እባብ ሆነ። እጄን አወጣሁና «ያው ኮፒ ነዋ!» አልኩ። የሚያስተምሩን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። «ሐሰት ነበር የሚለው የቱ ጋ ነው? አሳየኝ» አሉኝ። ብፈልግ ብፈልግ የለም። «እንዲሁ አደረጉ» ነው የሚለው። የእጅ ቅልጥፍና ይሁን የአጋንንት ሥራ፣ እዚያ ቦታ ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው የአሮን በትር የእነሱን በትሮች መዋጧ ነው። በደንበኞቼ ፊት እንኳ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሁለተኛው ሳምንት ግን ለብቻው ገንዘብ ቢከፈልበት ያዋጣል። ጋሼ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈሉት፦ «ያመጡት» እና «ያነሱት»። ጠንቋዮቹ ካመጡት በኩል ደም ተጻፈ፣ ጓጉንቸር ተጻፈ። በሌላው በኩል ምንም። እስቲ አስቡት፣ ሕዝቡ ውኃ አጥቶ የወንዙን ዳር ይቆፍራል፣ እነሱ ደም ይጨምራሉ። አገሩ በጓጉንቸር ተጥለቅልቋል፣ እነሱ ጓጉንቸር ይጨምራሉ! ፈርዖንም ገብቶታል መሰለኝ፣ ጓጉንቸሮቹ እንዲነሱለት ጸልዩልኝ ብሎ የለመነው የራሱን ሰዎች አይደለም፣ ሙሴንና አሮንን ነው። መቼ ይነሱልህ ሲባል ደግሞ «ነገ» አለ። አንድ ሌሊት ከጓጉንቸር ጋር ሊያድር! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለምን ዛሬ እንዳላለ ጋሼ የቤት ሥራ ሰጡን፤ እኔ እስካሁን አልሠራሁትም።

ሦስተኛው ሳምንት ቅማል። ውኃ ደም ያደረጉ ሰዎች ቅማል ማምጣት አቃታቸው። «ይህስ የእግዚአብሔር ጣት ነው» ብለው ለአለቃቸው የነገሩት ራሳቸው ናቸው። እዚህ ጋ ጋሼ ሉቃስ 11፥20ን አስገለጡን፤ ጌታ ኢየሱስም አጋንንትን ሲያወጣ ያንኑ ቃል፣ «የእግዚአብሔር ጣት» ይላል። አንዱ ጣት ሕመም ያመጣል፣ ያው ጣት ይፈውሳል። አምስት ደቂቃ ዝም ብለን ተቀመጥን።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ቀዝቀዝ ያሉ ነበሩ። ቁስሉ መጥቶባቸው ጠንቋዮቹ በሙሴ ፊት መቆም ማቃታቸውን፣ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኢያኔስና ኢያንበሬስ ብሎ በስም መጥራቱን አየን። አንዱን ማታ መብራት ጠፍቶ በሞባይል ባትሪ ነው ያነበብነው።

ቅሬታዬ የመጨረሻው ማታ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ተነስታ «ታዲያ ዛሬ ተአምር አደርጋለሁ የሚለውን በምን እንለየው?» አለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ የምንጠብቀው ጥያቄ! ጋሼ ሊመልሱ ሲሉ አስተባባሪው ሰዓት አልቋል ብሎ ወደ ጸሎት ወሰደን። ለማስታወቂያ ግን ሃያ ደቂቃ ነበረ። ጋሼ ሲወጡ በሰሌዳው ጥግ «ዘዳግም 13» ብለው ጻፉ። ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ምልክቱ ቢፈጸምም እንኳ፣ ሌሎችን አማልክት እንከተል የሚልህን አትስማው ይላል። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃው ይሠራል አይሠራም እያልኩ ነው የምለየው። ይሄ አንድ ማታ ሙሉ ይገባው ነበር።

ቀጣዩ ዙር ትንቢተ ዳንኤል ነው ተብሏል። ተመዝግቤያለሁ። ትራስ ይዤ ነው የምሄደው።