ያንን የመጽሔት ፎንት በቅናሽ ከመግዛታችሁ በፊት

እነዚያን ረዘም ጠበብ ያሉ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ሰማይና ምድር የሆኑ ሴሪፍ (የፊደሉ ጫፎች ላይ ትናንሽ ጭረት ያላቸው) ፎንቶች ታውቋቸዋላችሁ። የፋሽን መጽሔት ርዕስ ላይ አፍ የሚያስከፍቱት። ሰሞኑን "ከ90 በመቶ በላይ ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ" እየተባሉ በጥቅል ይሸጣሉ። አንዱ ጥቅል ለሥራ ተገዝቶ እጄ ገባና ከፍቼ አየሁት። ወገን፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጉዱ የሚጀምረው ከጥበቱ ነው። ፎንቱ ጠባብ ሆኖ አልተሳለም። ሌላ መደበኛ ፎንት ተወስዶ ከጎን ተጨፍልቋል። ትልቁን ኤን (N) እና ትልቁን ኢ (E) ጎን ለጎን ጻፉና አጉልታችሁ እዩ። የኤን ቀጫጭን ቋሚዎች ከኢ ቀጫጭን አግዳሚዎች በግልጽ ከሳሱ፣ ነገሩ ጭፍለቃ ነው። ፎንት ከጎን ሲጨፈለቅ ቋሚ መስመር ሁሉ ይሳሳል፤ የአግዳሚው ውፍረት ግን ንክች አይልም። ዲዛይነር ቁጭ ብሎ ቢስለው ሁለቱን ያመጣጥናቸው ነበር። "ኢታሊክ" (ዘመም ያለ ፊደል) ያሉትም ለብቻው የተሳለ ሳይሆን ያው ቀጥ ያለው ፎንት ዘመም ተደርጎ ነው።

ሻጩ "ለርዕስም ለውስጥ ጽሑፍም ይሆናል" ይላል። እስቲ እናስላው። ቀጭኑ መስመር የፊደሉን መጠን 1 በመቶ ያህላል። በ72 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) 0.72 ፖይንት ነው፤ አሪፍ። በ9 ፖይንት ግን 0.09 ይሆናል። ኅትመት ላይ ከ0.25 ፖይንት የቀጠነ መስመር አይታመንም። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ከሆነማ ቀለሙ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃርፐርስ ባዛር ለተባለው የፋሽን መጽሔት የተሠራው ዲዶ የተባለ ፎንት ከ6 እስከ 96 ፖይንት በ7 የመጠን ዓይነት ለየብቻ የተሳለው ወዶ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ትንሽ ጽሑፍ ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁሉም ግዙፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፈቃዱ ነው። የሽያጭ ገጹ "ለንግድ ሥራ ይፈቀዳል" ይላል። ዚፑ ውስጥ ያለችው የጽሑፍ ፋይል "ለግል ጥቅም ብቻ" ትላለች። ድረ ገጽና አፕ ላይ ለመጠቀም ሌላ ክፍያ አለ። ለደንበኛ ሠርታችሁ ካስረከባችሁ በኋላ ጥያቄ ቢመጣ፣ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። "አንዴ ከወረደ ገንዘብ አይመለስም" የምትለዋም እዚያው ጥግ ላይ አለች። የቅናሹ ሰዓት? ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉት እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል።

ጠባብና የሚያምር ከፈለጋችሁ ኢንስትሩመንት ሴሪፍ የሚባል ፎንት በነጻ አለ። ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው፤ ኢታሊኩ ግን የእውነት ነው። ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ሰፋ ቢልም ብዙ ውፍረት አለው። ሁለቱም ለንግድ ሥራ የሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ አላቸው። የሚከፈልበትን ከመረጣችሁ መጀመሪያ የሙከራ ፋይል ጠይቁ። የራሳችሁን ርዕስ ጻፉበት፤ ወረቀት ላይም አትሙት።

ቀድማችሁ ለገዛችሁ፦ የሽያጭ ገጹንና የፈቃድ ፋይሉን ሳይቀየሩ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ። ሻጩ ገንዘብ አልመልስም ካለ፣ በካርድ የከፈለ ሰው ሁለቱን አያይዞ ባንኩ ዘንድ አቤት ማለት ይችላል።