ለደብረ ብርሃን ብርድ፦ ሂት ፓምፕ ወይስ የግድግዳ ግርጌ ማሞቂያ?

በደብረ ብርሃን ሆቴል ወይም አፓርታማ የምትገነቡ ሁሉ፣ አማካሪ መሐንዲሱ የሕንፃውን የኃይል ፍጆታ በኮምፒውተር አስልቶ ሲያመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ጠይቁት።

በግድግዳው ግርጌ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ (የግርጌ ማሞቂያ) ስሌት ቀላል ነው። የበላውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ የኅዳር ውርጭም ሆነ የቦታው ከፍታ ይህን አይቀይረውም።

ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከውጭው አየር ስቦ ስለሚያስገባ ከበላው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። 1 ኪሎዋት ሙቀት የሚፈልግ ክፍል ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሞቅ፣ የግርጌው ቆጣሪው ላይ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያስመዘግባል፤ 2.5 እጥፍ የሚሰጥ ሂት ፓምፕ ግን 4 ብቻ። ይህን በክፍሎቹ ብዛትና በብርድ ወራት ሌሊቶች አባዙት።

ነገር ግን ያ እጥፍ ቋሚ አይደለም። ውጭው በቀዘቀዘ ቁጥር ይወርዳል፤ ከደጅ በተተከለው አካል ላይ በረዶ ሲጋገር ደግሞ ማሽኑ እሱን ለማቅለጥ ክፍሉን ማሞቁን ያቋርጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር የተሰላ ሪፖርት አትቀበሉ፤ ኢነርጂፕላስን የመሰሉ ፕሮግራሞች በየሰዓቱ የውጭ ሙቀት ማስላት ይችላሉ። የአየር ጠባይ መረጃውም የአዲስ አበባ ከሆነ አይበቃም፤ ደብረ ብርሃን ከቦሌ 500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል 3 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። ብዙዎች የሚዘሉት ሌላ ነገር አለ፦ በ2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠለል አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። የፋብሪካው ካታሎግ የሚዘጋጀው ለባሕር ጠለል በመሆኑ የማሽኑ አቅም ተቀንሶ መግባት አለበት። አቅሙ ካነሰ በውስጡ ያለው ረዳት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳል፤ እሱ ደግሞ ከግርጌው ማሞቂያ አይሻልም። በውጤቱ ሠንጠረዥ የረዳቱን ድርሻ ለብቻው ፈልጉ። ድርሻው ከበዛ ለሂት ፓምፕ የምትከፍሉት ተጨማሪ ዋጋ አይመለስም።

እነዚህ ተሟልተው ሲሰሉ፣ በየሌሊቱ እንግዳ ለሚያሳድር ሆቴል ሂት ፓምፕን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ ኮምፕሬሰሩን (የማሽኑን ጋዝ የሚጨምቀውን ሞተር) ከቮልቴጅ መዋዠቅ የሚጠብቅ መሣሪያም አብራችሁ ግዙ። በሳምንት አንዴ ለሚከፈት አዳራሽ፣ ወይም መሐል ሜዳን በመሰለ የማቀዝቀዣ ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ከተማ ለሚሠራ ትንሽ ቤት ግን የግርጌው ይበቃል። ለመግዣ ርካሽ ነው፤ የሚበላሽበትም ነገር ጥቂት ነው።