የላስታ «ገደል መውጣት» ፓኬጅ፦ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ከገና ወዲህ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አንድ ማስታወቂያ እየተዘዋወረ ነው። ሁለት ቀን ላሊበላ። የመጀመሪያው ቀን አብያተ ክርስቲያናቱን መጎብኘት፣ ሁለተኛው ቀን በገመድ ገደል መውጣት። ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ዕቃ፣ «ልምድ ያለው ጋይድ»፣ ሁሉም ተጠቃሎ በሰው 7,500 ብር። ግማሹ ቀብድ፣ በቴሌብር።

ወገን፣ አትክፈሉ። እኔና ጓደኞቼ ከደሴ ተነስተን፣ በወልድያና በጋሸና አድርገን፣ ሄደን አይተነዋል። የሻጩን ስም አልጠራም። ስም ደግሞ በአንድ ሌሊት ይቀየራል። ምልክቶቹን ብታውቁ ይሻላችኋል።

ፎቶው ራሱ አንድ ምልክት ነው። ማስታወቂያው ላይ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሹል። እሱ ገርዓልታ ነው፣ ትግራይ። የወሎ ገደል እንዲያ አይደለም። የእኛ ዐለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ግራጫና ጥቁር ሆኖ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ተጋድሟል። በንብርብሮቹ መሀል ደግሞ ቀይ አፈርና የሚፈረፈር ድንጋይ ይገኛል። ላሊበላ ላይ ሊቃውንቱ ቤተ ክርስቲያን ሊፈለፍሉ የቻሉት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለብረት የሚታዘዝ ስለሆነ ነው። ለመሮ የሚታዘዝ ድንጋይ ሰው ተንጠልጥሎ ሲወድቅበትም ይታዘዛል። ሰውየው ስለሚሸጠው ገደል ቢያውቅ ኖሮ የሌላ አገር ገደል ፎቶ ባልለጠፈ ነበር።

ልብ በሉ፣ ስፖርቱን አልጠላሁም። ውጭ አገር ስማር የለመድኩት ነው፤ ላስታ ላይ ቢስፋፋ ደስታዬ ነው። በበጋ ሳሩ ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ፣ ቀትር ላይ ቆዳ የሚልጥ ፀሐይ። ጥሩ ባዛልት ያለበት ቦታ ደግሞ እጅ ልክ የሚገባበት ስንጥቅ ከሥር እስከ ጫፍ ይዘልቃል። ማየቱ ብቻ ያጓጓል።

ማስታወቂያው «ትራድ» ይላል። ትራድ ማለት ገደሉ ላይ አስቀድሞ የተተከለ ብሎን የለም ማለት ነው። ቀድሞ የሚወጣው ሰው እየወጣ ስንጥቅ ውስጥ ብረት ይሸጉጣል፣ ገመዱንም በካራቢነር (በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ያያይዝበታል። ተከታዩ እየነቀለ ይመጣል። ብረቱ ሁለት ዓይነት ነው። ነት የሚሉት ሽብልቅ ነው፤ ስንጥቁ በሚጠብበት ቦታ ተሰንቅሮ ይይዛል። ካም ደግሞ ባለ ስፕሪንግ ነው፤ ሲጎተት ወደ ጎን ይሰፋና ግራና ቀኙን ገፍቶ ይይዛል። ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የተመዘገቡበት ዓመት፣ ግጥምጥሞሹ ገርሞኛል። ካም ግራና ቀኝ ስለሚገፋ፣ ከዋናው ዐለት የተላቀቀ የባዛልት ዓምድ ላይ ከሸጎጣችሁት ዓምዱን ራሱን ነቅሎ ይዞባችሁ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ብረቱን ከመክተቱ በፊት ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። እንደ ባዶ ዕቃ ከጮኸ ተላቋል ማለት ነው፣ ያልፈዋል። የኛ «ጋይድ» አንዴም አልመታም። ነገሩ የሚሸጉጠውም ብረት አልነበረውም! ከላይ ካለ ዛፍ ላይ ገመድ አስሮ ቁልቁል ለቀቀልን፣ በቃ። ይህ ትራድ አይደለም። ከላይ በታሰረ ገመድ መውጣትም በትክክል ከተሠራ ክፋት የለውም፤ ዋጋ ያስከፈለን ግን ለሌላ ነገር ነው።

ገመዱ ጋ ስደርስ ነው ደሜ የፈላው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ደረቅ ያለ ገመድ። ጫፉ ላይ ምንም ምልክት የለም። ጋይዱን ስጠይቀው «ውፍረቱን አታይም እንዴ? አይሱዙ ይጎትታል!» አለኝ። መጎተቱን አልጠራጠርም። የመውጫ ገመድ ግን የሚለካው በመለጠጡ ነው። ከመጨረሻው ብረት 3 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ቢወድቅ እስከ ብረቱ 3፣ ከብረቱ በታች ሌላ 3፣ በድምሩ 6 ሜትር ይወርዳል፤ የገመዱ መለጠጥ ሳይቆጠር። ያንን ጉልበት የሚውጠው ገመዱ ነው። የማይለጠጥ ገመድ አይውጠውም፤ ወገብህና የተሸጎጠው ብረት ይካፈሉታል። ለዚህ ነው የመውጫ ገመድ ኢ.ኤን. 892 የሚባል የአውሮፓ ደረጃ ያለው። ነጠላ ገመድን (ብቻውን የሚያገለግለውን) 80 ኪሎ ክብደት እየጣሉ ይፈትኑታል፤ ቢያንስ 5 ጊዜ መያዝ አለበት፣ የመጀመሪያው አወዳደቅ ምትም ከ12 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) መብለጥ የለበትም። ነጠላ ገመድ ከሆነ ጫፉ ላይ በክብ ውስጥ 1 ቁጥር ተጽፎበታል። እሱን ፈልጉ።

ይህን ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባቶቻችን ደብረ ዳሞን በጠፍር ሲወጡ ማን ሰርተፍኬት ጠየቃቸው?» ጓደኞቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቄ መጣ። ግን መልስ አለው። ደብረ ዳሞ ላይ ገደሉ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ ቆሞ የሚስብ ሰው አለ፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው ገመድ ሁሌም ከላይ ነው። እግር ቢያመልጥ የሚወደቀው ትንሽ ነው። በትራድ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ግን ገመዱ ከበታቹ ነው፤ ማስታወቂያው የሸጠልን ደግሞ እሱን ነው።

የቀረው ዕቃ በአጭሩ ይኸው። ካራቢነሮቹ የቁልፍ መያዣ ዓይነት ናቸው፣ የጥንካሬ ቁጥር የለባቸውም። ትክክለኛው ጎኑ ላይ በኪሎ ኒውተን ተቀርጾበታል፣ ለርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በላይ። የወገብ ቀበቶዎቹ በፀሐይ ነጥተዋል። ፒካፕ ላይ ከባትሪ ጋር ተጭነው ነው የመጡት፤ የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላል፣ መበላቱ ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል። አምራቾቹ ራሳቸው፣ ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ፣ ናይለን ዕቃ ከ10 ዓመት በኋላ ይጣል ይላሉ። ሄልሜቱ የግንባታ ነው፤ የአገጭ ማሰሪያ የለውም። ጎንበስ ስትል እሱ ቀድሞህ ይወርዳል።

«ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ገደል» የሚለውም ያሳስታል። ቀላል ገደል ማለት ተዳፋትና እርከን የበዛበት ማለት ነው። መውጣቱ ቀላል ነው፣ መውደቁ አይደለም። ቀጥ ያለ ገደል ላይ የወደቀ ሰው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ እርከን ያለበት ላይ የወደቀ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እርከኑ ላይ ያርፋል።

እኛ እየተከራከርን ሳለ አንድ አዛውንት ገበሬ ከታች መጡ። «እናንተ ልጆች፣ ማን ፈቀደላችሁ?» አሉ። ጋይዱ ከቀበሌውም ከአካባቢው ሽማግሌም «ፈቃድ ጨርሰናል» ብሎን ነበር። አባ የሚያውቁት ነገር የለም። ቀጥለው ወደ ላይ አሳዩን። «ልጆቼ፣ ያ ጥቁር ነገር ይታያችኋል? ንብ ነው። እኛ በሬ እንኳ እዚያ ሥር አናውልም።» ገመዱ የተለቀቀው ልክ በንቡ አጠገብ ነበር። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ንብ የተነሳበት ሰው የት ይሮጣል? ከዚያ በኋላ ክርክሩ አለቀ። አባ ቤታቸው ወስደው ቡና አፈሉልን፤ ከጉዞው ገንዘብ ያላወጣንበት እሱ ነው፣ ምርጡም እሱ ነው።

ስለ ባጁ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ። ጋይዱ የአስጎብኚ ባጅ አንጠልጥሏል፣ ባጁም የውሸት አይመስለኝም። ላሊበላ ላይ ታሪክ አጣርተው የሚያስረዱ ጎበዝ አስጎብኚዎች አሉ። ያ ባጅ ግን ስለ ገመድ የሚናገረው የለም። ቋጠሮ ሳይፈትሽ «ውጡ» ያለን ሰው ነው። ከመጀመራችን በፊት ደግሞ «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት አቅርቦ ፈርሙ አለን። አልፈረምንም። መድን አለህ ወይ ስንለው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ገንዘቡን ስንጠይቅ «ሌላ ጊዜ በነፃ ትመጣላችሁ» ሆነ መልሱ። ደረሰኝ ስንለው የለም። ቀብዱ የገባው በድርጅት ሳይሆን በግለሰብ ስልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ይህን በጽሑፍ ስንልክለት ግማሹን መለሰ። ስለዚህ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የቴሌብሩን መልእክትና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አትሰርዙ። እምቢ ካለ ወደ ንግድ ቢሮ።

ሌላ ሰው፣ በሌላ ስም፣ ተመሳሳይ ነገር ቢያቀርብላችሁስ? ቀብድ ሳትልኩ የገመዱን ጫፍ፣ የካራቢነሩን ጎንና የቀበቶውን ውስጠኛ መለያ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። የገደሉን ፎቶም ጭምር፣ ከሥሩ ራሱ ቆሞበት። ከላይ ገመዱን በስንት ነገር እንደሚያስር ጠይቁ፤ «በአንድ ዛፍ» ካለ ተዉት። መሬቱ የማን እንደሆነና ማንን እንዳስፈቀደ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ይወዳቸዋል፣ እንዲያውም ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። «እመኑኝ ብቻ» የሚል መልስ ከመጣ ስልኩን ዝጉ።

ማስታወቂያው በዚህ ሳምንትም በአዲስ የቻናል ስም ወጥቷል። ፎቶው ያው የገርዓልታው ነው፤ ዋጋው 8,000 ገብቷል። የቀረው ግማሽ ገንዘባችን ገና አልተመለሰም፤ ንግድ ቢሮ አመልክተናል፣ መልሱን ሲሰጡን እዚሁ እጽፈዋለሁ።