ቲን ወይስ ግሪድ? ከቅየሳ ነጥብ የመሬት ሞዴል ስንሠራ

በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው የቅየሳ መሣሪያ) የለቀምካቸውን ነጥቦች ኮምፒውተር ላይ ገልብጠሃል እንበል። ሞዴሉን በቲን ትሠራዋለህ ወይስ በግሪድ?

ቲን ራሳቸውን የለካሃቸውን ነጥቦች በሦስት ማዕዘን ያያይዛል፣ ስለዚህ የለካኸው ከፍታ ሳይነካ እዚያው ይቀመጣል። ግሪድ ግን መሬቱን እኩል በእኩል ካሬ ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ከፍታ በዙሪያው ካሉ ነጥቦች ይገምታል። ልዩነቱ ቦይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቦይ ጎኑ 2 ሜትር የሆነ ካሬ ውስጥ ሲገባ በቃ፣ ጠፋ! በቲን የቦዩን ጠርዝና ወለል በብሬክላይን (ሦስት ማዕዘኖቹ እንዳይሻገሩት በምታሰምረው መስመር) ካሰርከው ቅርጹን ይጠብቃል። ብሬክላይኑን ከረሳኸው ግን ሦስት ማዕዘኖቹ ከዳር ወደ ዳር ተሻግረው ቦዩን ይደፍኑታል (እኔም ስንቴ ተሸውጃለሁ)፣ የቁፋሮ መጠኑም አብሮ ይበላሻል።

ግሪድ አይረባም እያልኩ አይደለም። ከድሮን ወይም ከላይዳር (በሌዘር ከሚለካው መሣሪያ) ሚሊዮን ነጥብ ሲመጣ፣ ተዳፋትና የውኃ ፍሰት ለማስላት እሱ ይቀላል። ብቻ የካሬውን ጎን በግማሽ ስታሳንስ የካሬዎቹ ብዛት 4 እጥፍ ይሆናል፣ ኮምፒውተርህም ማቃሰት ይጀምራል።

ለመንገድና ለቁፋሮ ሥራ ከሆነ ግን እኔ ያለ ቲን አልሞክረውም።